«ዓመፅ» ስምንት ጊዜ

ጥያቄው ከኮምቦልቻ ነው የመጣው። ጠያቂዋ የትርጉም ሥራ ትሠራለች። እንዲህ ትላለች፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ የታሪክና የኢኮኖሚ ጥራዝ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ብቻ 'ዓመፅ' የሚለውን ቃል ስምንት ጊዜ ጽፌዋለሁ። አራሚው ሁሉንም በቀይ አክብቦ 'ሌላ ቃል የለሽም ወይ?' ብሎ መለሰልኝ። በሌላው ምዕራፍ ደግሞ ንግዱም፣ ግንባታውም፣ የሕዝቡ ቁጥርም በድንገት ሲጨምር ሁሉንም 'ከፍተኛ ዕድገት' ብዬዋለሁ። ለሁለቱም ተመሳሳይ ቃላት ቢዘረዝሩልኝ? ደግሞስ ዓመፅ የሚጻፈው በየትኛው 'አ' ነው? ምዕራፎቹን አያይዤ ልኬያቸዋለሁ።»

አብሽሪ እህቴ። አንድን ቃል ስምንት ጊዜ መድገም ኃጢአት አይደለም። ዝርዝሩን ብቻ ከፈለግሽ ደግሞ አሁኑኑ ይኸው፦ ሁከት፣ ብጥብጥ፣ ረብሻ፣ ነውጥ፣ አድማ፣ ግርግር፣ ትርምስ፣ እምቢተኝነት፣ ሽፍትነት፣ አብዮት። አሥር ሞሉ። ግን እነዚህን በ«ዓመፅ» ቦታ እያፈራረቅሽ ብትሰኪያቸው ገጹ ከድሮው ይብሳል። ድሮ አሰልቺ ነበር፤ ያኔ ውሸት ይሆናል።

ምክንያቱም አማርኛ ለዚህ ነገር ገለልተኛ ቃል የለውም ማለት ይቻላል። ቃሉ ከአፍ ሲወጣ ፍርዱን ይዞ ነው የሚወጣው። «ረብሻ» ካልሽ ጥፋተኛውን አውቀሽዋል። «እምቢተኝነት» ካልሽ ደግሞ ከእምቢ ባዩ ጎን ቆመሻል። አራሚሽ የደነገጠው በድግግሞሹ ይመስለዋል። እኔ ገጽሽን ሳየው ግን ችግሩ ሌላ ነው። ስምንት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ፍርድ ቀጥተሻቸዋል።

ከራሱ ከዓመፅ ልጀምር። በግዕዝ ዐመፃ ማለት በደል ነው። ግፍ፣ ከፍትሕ መውጣት። መንግሥት ላይ መነሣት የሚለው ትርጉም በኋላ የመጣ ነው። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16ን ገልጠሽ እዪ። በነባሩ ትርጉም «ዓመፀኛው መጋቢ» የሚባል ሰው አለ። ይህ ሰው ጫካ አልገባም፤ ጠመንጃም አልያዘም። የጌታውን ሒሳብ ያበላሸ የቤት አዛዥ ነው። እዚያው ወረድ ብሎ «የዓመፃ ገንዘብ» ይላል። የአማፂ ጦር ካዝና ማለቱ አይደለም፤ በግፍ የተሰበሰበ ገንዘብ ማለቱ ነው። እንግዲህ ቃሉ ገና ከሥሩ ክስ ነው። አሁን «ሕዝባዊ ዓመፅ» ስንል ክሱ ለስልሷል። ግን አልጠፋም። «አማፂ» እና «ዓመፀኛ» የሚሉትን ብታነጻጽሪ ይገባሻል። የዜና አንባቢው «አማፂያኑ ከተማዋን ያዙ» ሲል ዜና ነው የሚነግርሽ። እናትሽ «ይሄ ዓመፀኛ!» ስትል ግን አንድ ሰው ሊመታ ነው።

አሁን ወደ ገጽሽ ልመለስ። ከስምንቱ አንዱ ይህ ነው፦ «በ1953 የክብር ዘበኛ ዓመፅ ተካሄደ።» በጊዜው የነበረ ሰው ይህን ቢያነብ ግራ ይገባዋል። ምክንያቱም ያ ነገር በአማርኛ ስም አለው። «የታኅሣሥ ግርግር» ነው የሚባለው።

ነገሩን ታውቂዋለሽ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ሥልጣን ያዙ። ሚኒስትሮችና መሳፍንት ታገቱ። መግለጫውን በሬዲዮ ያነበቡት አልጋ ወራሹ መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በፊት ደሴ ተቀምጠው ወሎን ያስተዳደሩት እሳቸው ናቸው። ጃንሆይ ታኅሣሥ 8 ተመለሱ። በመሐል አዲስ አበባ ላይ ታንክ ተተኩሷል። ብዙ ሰው ሞቷል። ከሞቱት ውስጥ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች ይገኙበታል። ይህ ሁሉ ሆኖ ስሙ «ግርግር» ሆነ!

ግርግር እኮ ለእኛ የዒድ ዋዜማ ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ሰው ከሰው ሲጋፋ፣ ልጅ ጫማ ሲለካ፣ ባጃጅ መውጫ ሲያጣ ነው ግርግር። «ግርግር ለሌባ ይመቻል» የምንለውም ለዚሁ ነው። ቃሉ አንድን ከባድ ነገር ወስዶ የአራት ቀን ግፊያ ያደርገዋል። ዓላማ አልነበረውም፣ መሪ አልነበረውም፣ አለፈ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ገባ እንደማለት ነው። የተረፈው ወገን እንዲህ ብሎ መጥራቱ አይገርምም። የሚገርመው ያንን ያደነቁ ሰዎችም ሳያስቡት በዚያው ስም መጥራታቸው ነው። እስከ ዛሬ ድረስ።

ስለዚህ እዚህ ቦታ ሁለት ምርጫ አለሽ። ሰው የሚጠራበትን ስም ከፈለግሽ «የታኅሣሥ ግርግር» በይ፤ ግን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቢው። ምን እንደነበረ መግለጽ ከፈለግሽ ደግሞ «የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ» ነው። መፈንቀል ድንጋይን ከሥሩ በግንድ ነቅንቆ መገልበጥ ነው። ጥሩ ቃል ነው። ጥቂት ሰዎች፣ አንድ መሣሪያ፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ። ዓመፅ ግን ብዙ ሰው ይፈልጋል።

(ካነሣነው ላይቀር፦ «መርዕድ» የሚለው ማዕርግ ራሱ ከግዕዙ ረዐደ ነው የመጣው፤ «የሚያንቀጠቅጥ» ማለት ነው። ርዕደ መሬት የምንለውም ከዚያው ነው። በዚያው በ1953፣ ግንቦት ላይ፣ ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ ከከሚሴ ወዲያ ካራቆሬ አካባቢ ምድሪቱ ተንቀጥቅጣ ማጀቴ ፈርሳለች። ሰዎቹ ታኅሣሥ፣ መሬቱ ግንቦት። ለዓመቱ «ነውጥ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ይሆን ነበር።)

እሺ፣ ወደ ማዕድ ቤት እንግባ። የማረሚያው ግማሽ ያለው እዚያ ነው። አማርኛ አገር ስትታወክ የሚጠቀማቸውን ግሦች አስቢያቸው። በጠበጠ፣ አመሰ፣ ናጠ፣ ፈላ፣ ገነፈለ። በሶ ይበጠበጣል። ተልባ ይበጠበጣል። ቆሎ ይታመሳል። ወተት በቅል ይናጣል። ድስት ይገነፍላል። ከዚያ «ከተማዋ ታመሰች»፣ «አገር ተናጠች»፣ «የሕዝብ ቁጣ ገነፈለ» እንላለን። እናቶቻችን ለፖለቲካችን ቃል ያዋሱን ይመስለኛል።

አሁን ልዩነቱን አስተውዪ። በሶ ራሱን አይበጠብጥም። በጥባጭ ይፈልጋል። ስለዚህ «ብጥብጥ ተነሣ» ባልሽ ቁጥር አንባቢው «ማን በጠበጠ?» ይላል። ከኋላ እጅ አለ ብለሽ ነግረሽዋል። ድስት ሲገነፍል ግን ማንም ድስቱን አይከስም። እሳቱን ማን ለቀቀው፣ ክዳኑን ማን ገጠመው ብለን ነው የምንጠይቀው። ለዚህ ነው «በጥባጭ»፣ «ረባሽ»፣ «ነውጠኛ»፣ «አድመኛ» የሚሉ ስድቦች ያሉን፤ «ገንፋይ» የሚባል ስድብ ግን የለም። ቁጣው ከኑሮ ነው የመጣ ብለሽ ካመንሽ ገነፈለ በይ። አቀናባሪ አለው ብለሽ ማስረጃ ካለሽ ብጥብጥ በይ። ማስረጃ ከሌለሽ ብጥብጥን አትንኪ።

ገዢዎችም ይህን የማዕድ ቤት አማርኛ ይወዱታል። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚለው ተረት የማን ንግግር እንደሆነ ገምቺ። የተልባው አይደለም።

ይህን የምለው እንዲሁ ለቃል ፍቅር ብዬ አይደለም። አንድ ጊዜ በራሴ እጅ አበላሽቻለሁ። ዓመቱ ሩቅ ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴውም ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ጠዋት የአንድ ክፍል ልጆች ከደወል በኋላ ክፍል አልገቡም። ሜዳው ላይ ዝም ብለው ቆሙ። ድንጋይ አልወረወሩም፤ አልጮሁም። መጽሐፍ ሳይደርሳቸው ለፈተና እንዳይቀመጡ ነበር ጥያቄያቸው። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ «ተማሪዎቹ ረብሻ በመፍጠራቸው» ብዬ ጻፍኩ። ለምን? እጄ የለመደው ቃል እሱ ስለነበር። የትምህርት ቤቱ ደንብ ደግሞ ለረብሻ ቅጣት አስቀምጧል፤ ዝም ብሎ ለመቆም አላስቀመጠም። ስድስት ልጆች ሁለት ሳምንት ታገዱ። አንደኛው ከእገዳው በኋላ አልተመለሰም። «ትምህርት በማቆም ጥያቄ አቀረቡ» ብዬ ብጽፍ ኖሮ ኮሚቴው ምን ብሎ ይቀጣቸው ነበር? አሁንም ሆጤ ሜዳ ባለፍኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ልጁ እዚያ ኳስ ይጫወት ነበር።

ሁከትን በጥንቃቄ ያዢው፤ ሁለት ቤት አለው። ግዕዙ ሆከ ነው፤ አወከ፣ ታወከ የምንለውም ዘመዱ ነው። በዜና ቋንቋ ከረብሻ ከፍ ያለ፣ ከዓመፅ ዝቅ ያለ ነገር ነው። በሕግ ቋንቋ ግን ሌላ ሰው ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1149 ላይ ያለውን የማያውቅ ጠበቃ የለም። «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ እሱ ነው። ጎረቤትሽ አጥርሽን ገፍቶ ድንጋይ ቢከምርብሽ ፍርድ ቤት ሄደሽ «ሁከት ተፈጥሮብኛል» ትያለሽ። አንድም ሰው አልጮኸም። ስለዚህ በጥራዝሽ ውስጥ የመሬት ክርክር ያለበት ምዕራፍ ካለ፣ እዚያ ሁከት ስትዪ አንባቢው ሰልፍ እንዳይመስለው።

በነገራችን ላይ እኛ ወሎዬዎች ለዚህ ሌላም ቃል አለን። ሽማግሌዎቻችን «አላህ ከፊትና ይጠብቀን» ይላሉ። ፊትና ሁከት ብቻ አይደለም። ወንድም ከወንድም የሚለይበት፣ እውነትና ሐሰት የሚቀላቀልበት ፈተና ነው። ከዐረብኛ የመጣ ቢሆንም እዚህ አገር ኖሮ አማርኛ ሆኗል። ለትርጉምሽ ሁሌ አይመችም። በአንድ የወሎ ሽማግሌ አፍ ግን ከ«የእርስ በርስ ግጭት» ይልቅ እሱ ይሻላል።

ሽፍትነት ደግሞ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሸፈተ ማለት አገር ለቆ ወጣ፣ «ዱር ቤቴ» አለ ማለት ነው። ሽፍታ ሌባ ሊሆን ይችላል። ሽፍታ ንጉሥም ሊሆን ይችላል። ቋራ ላይ የሸፈተው ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ያን ጊዜ ቃሉ ስድብም ሙገሳም ነበር፤ እንደ ተናጋሪው። አንድ ሰው ተበድሎ ዳኛ ሲያጣ ይሸፍታል፤ ሲታረቅ ይገባል። ለዚህ ነው «ሸፈተ» እና «ገባ» ጥንድ የሆኑት። «እጅ ሰጠ» ሌላ ነው፤ «ገባ» ሌላ ነው። ጣሊያን ሲመጣ ደግሞ አርበኞቻችንን ሽፍታ ብሎ ጠራቸው። ቃላችንን ወስዶ በእኛው ላይ ተኮሰው። ከዚያ በኋላ ቃሉ ድሮ የነበረው ክብር ተመልሶለታል ብዬ አላምንም።

ይህን የምነግርሽ ሽፍትነት አንድ ሰው ወይም አንድ ጭፍራ እንጂ ሕዝብ እንዳልሆነ እንድታዪ ነው። ጠቅላይ ግዛት አይሸፍትም። ልብ ግን ይሸፍታል፤ «ልቡ ሸፍቷል» ሲሉሽ አካሉ ቤት ውስጥ ነው። ቆዳም አለበት። ልጅሽ ሰውነቱ ላይ ቀያይ ነገር ቢወጣበት ሐኪሙ «ሽፍታ ነው» ይልሻል። አንድ ይሁኑ ሁለት ሥር አልልሽም፤ ግን ሁለቱም ከውስጥ ነው የሚወጡት፤ ሁለቱንም በማከክ አታጠፊያቸውም።

ነገሌ ቦረናን ልምጣበት። በጥር 1966 እዚያ ያለው የጦር ክፍል በምግብና በውሃ ጉዳይ ተነሣ፤ መኮንኖቹን አሰረ። አንቺ «የወታደሮች ዓመፅ» ብለሻል። ይሄ ትክክል ነው። ወታደር ሲሆን ዓመፅ ለማለት ብዙ ሰው አያስፈልግም፤ ትእዛዝ አልቀበልም ካለ በቂ ነው። ግን ሦስት መስመር ወረድ ብለሽ የካቲት ላይ «የታክሲ ነጂዎች ዓመፅ» እና «የመምህራን ዓመፅ» ብለሻል። እነሱ ምን አደረጉ? የታክሲ ነጂዎቹ ነዳጅ ተወደደብን ብለው መኪና አቆሙ። መምህራኑ አዲሱን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው ሥራ አቆሙ። ይሄ አድማ ነው። ሌላ ስም አይፈልግም።

አድማ ግን የራሱ ታሪክ አለው። ማደም ድሮ መዶለት ነው። «አደሙብኝ» ስትዪ ከኋላሽ ተማከሩብሽ ማለት ነው። አሁንም «አድመኛ» ሙገሳ አይደለም። የሠራተኛ ሕጋችን ይህን ሸሽቶ ይመስለኛል ባዶውን «የሥራ ማቆም» የሚለው። ለአሠሪው ደግሞ «የሥራ መዝጋት» አለው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ስለሆነች ልዩነቱን ሠራተኛው ካንቺ በላይ ያውቀዋል። ሠራተኛው ማሽኑን ትቶ ሲወጣ ማቆም ነው። አሠሪው በሩን ቆልፎ ሲያስቀረው መዝጋት ነው። በአንድ ቃል አትጠቅልያቸው።

ሰልፍም ተለውጧል። ድሮ ሰልፍ የጦር ሜዳ ነበር፤ ሰልፍ ገባ ማለት ውጊያ ገባ ማለት ነው። ዛሬ መፈክር ይዘን አደባባይ ስንወጣም ሰልፍ ነው፤ ለዘይት ስንቆምም ሰልፍ ነው። ለዚህ ነው አደባባዩን «ሰላማዊ ሰልፍ» ብለን የምንለየው፤ የዘይቱን ሰላማዊ ነው ብሎ የሚምል የለም።

አብዮትስ? የብዙ ሰው ስሕተት አብዮትን የትልቅ ዓመፅ ስም ማድረግ ነው። ሥሩ የግዕዙ አበየ ነው፤ እምቢ አለ ማለት። ግን አሁን ትርጉሙ እምቢታ ሳይሆን የሥርዓት መገልበጥ ነው። ዓመፅ ከሽፎም ዓመፅ ነው። አብዮት ግን ካልተሳካ አብዮት አይባልም። የ1966ቱን የጥርና የየካቲት ነገር ያየ ሰው በዚያ ሳምንት አብዮት አይለውም ነበር። አድማ ነው፣ ሰልፍ ነው፣ የደመወዝ ጥያቄ ነው። የወሎ ረኃብም በዚያው ላይ ተጨምሮ ነበር፤ ይህን ለደሴ ሰው መናገር አያስፈልግም። አብዮት ያደረገው መጨረሻው ነው። ከዚያ በኋላ «አብዮቱ ፈነዳ» ማለት ተለመደ። አየሽ፣ አብዮት ይፈነዳል። አድማ ይመታል። ዓመፅ ይቀሰቀሳል፣ ይቀጣጠላል። ሰልፍ ይወጣል። ግሡን ከስሙ ጋር አጋቢው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መነሣሣቱ ከላይ ታዞ ሲሆን ከነዚህ አንዱም አይሆንም። እሱ ክተት ነው። ምኒልክ በመስከረም 1888 አዋጅ ሲያስነግሩ የሸዋን ሰው ወረይሉ ከተህ ላግኝህ አሉት። ወረይሉ የኛው ወሎ ናት። አገር ተነቅሎ ሄደ፤ ማንም ግን ዓመፅ አላለውም። ያንን የዓድዋ ጦርነት ደግሞ ያመጣው አንድ ቃል ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄጂ መንገድሽ ላይ የምታገኚያት ውጫሌ ላይ በ1881 የተፈረመው ውል፣ አንቀጽ 17፣ አማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል ጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎት ተገኘ። የተርጓሚ ሥራ ቀልድ አይደለም የምልሽ ለዚህ ነው። በአራሚሽ አትማረሪ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ይኼኛው ቀላል ነው፤ ምክንያቱም ከተማሽ ራሷ መዝገበ ቃላት ናት። በሐምሌ 2009 የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲመረቅ ሰው ምን ሲል ነበር? «ከፍተኛ ዕድገት ተመዘገበ» ያለሽ አለ? ኪራይ ናረ አሉ። ቤት ሥራው ተጧጧፈ። ሻይ ቤቱ ደራ። ደላላው ደፋ ቀና አለ።

ናረ የዋጋ ነው፤ ደስታ የለውም። ደራ የገበያ ነው፤ ሰው ሰብሰብ ማለቱን፣ ሻጭም ገዢም መደሰቱን ይነግርሻል። የባቲ ገበያ ሰኞ ሰኞ ይደራል፤ አይንርም። ጦፈ የግለት ነው፤ ክርክርም ይጦፋል፣ ንግድም ይጦፋል፣ ሰውም ሲናደድ ይጦፋል። ተጧጧፈ ደግሞ የሥራ ነው፤ ብዙ እጅ ባንዴ ሲገባበት። ሽር ጉድ የበዓልና የሠርግ ዝግጅት ነው፤ ለፋብሪካ ብትይው ያስቃል። ተነቃቃ ከእንቅልፍ ነው፤ ስለዚህ ቀድሞ የተዳከመ ነገር ላይ ብቻ ተጠቀሚበት። አዲስ የተከፈተ ፋብሪካ አይነቃቃም፤ መች ተኛና።

«እመርታ» የሚለውን ጥራዝሽ ላይ ሦስት ጊዜ አየሁት። እመርታ የስብሰባ ቃል ሆኗል። ትርጉሙ ዝላይ ነው፤ ጥሩ ቃል ነበር። አሁን ግን ሰውየው ሪፖርት እያነበበ ይመስላል። በቁጥር የሚታይ ዝላይ ካለ ቁጥሩን ጻፊና ቃሉን ተዪው።

የሕዝብ ቁጥር ላይ «ፍንዳታ» የተለመደ ነው፤ ተቀበይው። የሚያሳስበኝ ፍንዳታ ሁሉ ቦምብ መስሎ መሰማቱ ነው። አደይም ጦሳ ላይ ስትፈነዳ ፈነዳች ነው የምንለው። የሠፈሩ ልጅም ገና ጢም ሳያወጣ አላውቅ ባይ ሲሆን «ፍንዳታ» ይባላል። አንባቢሽ የትኛውን እንደሚያይ አስቢ። ሰው በድንገት ወደ አንድ ቦታ ሲጎርፍ ደግሞ «ጎረፈ» በቂ ነው። ቦርከና በክረምት ሲመጣ ያየ ኮምቦልቼ «ደራሽ» የሚለውንም አይረሳውም። ደራሽ ሩቅ ዘንቦ አንቺ ጋ በጠራ ሰማይ የሚደርስ ውሃ ነው። ምክንያቱ ሌላ ቦታ ሆኖ ውጤቱ እዚህ ለሚታይ ነገር ከዚህ የተሻለ ቃል አላውቅም። በሽታና ወሬ ይዛመታሉ። ያበቃ የመሰለ ነገር ሲመለስ ያገረሻል፤ ወባም ያገረሻል፣ ግጭትም ያገረሻል። ዛሬ ሁሉ ሰው የሚሮጥበት ነገ የሚረሳ ነገር ከሆነ ወረት ነው፤ ኢኮኖሚስቶች ባይጽፉትም ነጋዴው ይለዋል።

ሁለቱንም ዓለም የሚያገናኙ ቃላት አሉ፤ ተጠንቀቂያቸው። ግርግርን አይተናል። ቀውጢም እንደዚያው ነው። አባቴ «ቀውጢ ቀን» ሲል መከራ ቀን ነው። ልጄ «ቀውጢ ነበር!» ስትል ሠርጉ አሪፍ ነበር ማለቷ ነው። በታሪክ ጥራዝ ውስጥ ብትጽፊው አንባቢሽን በዕድሜ ትከፋፍይዋለሽ።

አሁን ማንም የማይጠይቀኝን ልንገርሽ፤ መጨረሻውን። ገጽሽ ላይ ሁሉም ነገር «ተገታ» ወይም «በቁጥጥር ሥር ዋለ» ነው። አጀማመሩ አጨራረሱን ይወስናል። የገነፈለ ይበርዳል። የተበጠበጠ ይሰክናል። የተቀጣጠለ ይከስማል ወይም ይዳፈናል፤ የተዳፈነ ደግሞ ፍሙ ከሥር አለ። የተካረረ ይረግባል፤ ገመድ ነውና። መፈንቅለ መንግሥት ይከሽፋል፤ እንደ ጥይት። የሸፈተ ይገባል። «የገነፈለው ቁጣ በቁጥጥር ሥር ዋለ» ብለሽ ስትጽፊ ድስቱን ፖሊስ ያዘው እያልሽ ነው።

እስቲ አንዱን አንቀጽሽን አብረን እናድርገው። ያንቺ፦ «በ1960 የጎጃም ገበሬዎች አዲሱን የግብር አዋጅ በመቃወም ዓመፅ አስነሡ። ዓመፁ በየወረዳው ተስፋፋ። መንግሥት ዓመፁን ለመቆጣጠር ጦር ላከ።» የኔ፦ «በ1960 የጎጃም ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም አሉ። እምቢታው ከወረዳ ወረዳ ተዛመተ። መንግሥት ዓመፅ ነው ብሎ ጦር ላከ።» ቃሉ አልጠፋም። ወደ ባለቤቱ ሄደ። ዓመፅ ያለው ማን እንደሆነ አሁን አንባቢው ያውቃል።

እንግዲህ ስምንቱን ልቁጠርልሽ። ከጎጃሙ ሦስቱ አንድ ሆነ። የታኅሣሡ ተነሣ። ታክሲውና መምህሩ አድማ ሆኑ። የነገሌ ቦረናው ይቅር። የቀረው የባሌው ነው፤ እሱንም አትንኪው። ከ1955 እስከ 1962 ድረስ በመሣሪያ የተደረገ፣ እንደ ዋቆ ጉቱ ያሉ መሪዎች የነበሩት ነገር ነው። መንግሥት ሽፍቶች ብሏቸዋል። ቅድም እንዳልኩሽ ግን ጠቅላይ ግዛት አይሸፍትም። ለሱ ከዓመፅ የተሻለ ቃል የለኝም።

ስለ ፊደሉ፦ ግዕዙ ዐመፀ ነው፤ በዐይኑ ዐ እና በፀሐዩ ፀ። «ዓመፅ» ብለሽ ጀምረሻል፣ ጥሩ ነው። ግን ገጽ 14 ላይ «አመጽ»፣ ገጽ 15 ላይ «አመፅ» ብለሻል። አራሚሽ ያንን አላከበበውም።